ኖራ የተቀባው ተራችን

ለተከበሩ ጓድ በለጠ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አዋሽ

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱም ለሁላችን ያለ አድልዎ እየተዳረሰን ነው፤ ዘንድሮ ከሚታደሉት ነገሮች ሁሉ ሳይጎድል የሚደርሰን እሱ ብቻ ነው። ባለቤትዎና ልጆችዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ በየጊዜው በዓይኔ ስለማይ ስለ እነሱ አልጠይቅም። ፊታቸው ላይ ያለው ወዝ ራሱ መልስ ይሰጣል።

ኡሙሀኒ አብዱሰላም እባላለሁ። ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤት የእኔ ናት። ስኳር ከጠፋ ወዲህ ሻይ በጨው የምሸጠው እኔ ነኝ፤ እርስዎም አንድ ቀን ቀምሰው ፊትዎን ያጨማደዱት በእኔ ሻይ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የደፈርኩት ግን በራሴ ተነሳስቼ አይደለም። የግድግዳ ጋዜጣውን የሚያዘጋጀው መምህር አትክልት፣ ጓድ ሊቀመንበር ሰፊው ሕዝብ ገንቢ ሂስ እንዲያቀርብ አዘዋል፣ እስካሁን ግን አንድም ሰው ስላላቀረበ ሰሌዳው ባዶውን ሊገመገም ነው ብሎ ስለለመነኝ ነው። መጻፍንም ቢሆን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ሻይ ቤቴን አዘግተው ከፊተኛው ረድፍ እንዳስቀመጡኝ አልረሳሁም። ዓረፍተ ነገር ማስረዘምን ደግሞ በሱቁ በር ላይ ከሚለጥፏቸው ማስታወቂያዎች ተማርኩ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መልካም ነገር ቢገኝ ምስጋናው ለእርስዎ ነው፤ መጥፎ ነገርም ቢገኝ ያው ለእርስዎ ነው።

እንደ ማስታወቂያዎችዎ ሁሉ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ድንጋዮቻችን። ነገሩን እንደማያውቁት በቅርቡ ስለተረዳሁ ከሥሩ ላስረዳዎት። ዝናቡ ከቀረና ወንዛችንም ከቀጠነ ወዲህ እህል ወደ ሱቁ የሚመጣው ሲሞላለት ነው። የሚመጣበት ቀን ስለማይታወቅ ሰው ሁልጊዜ መሰለፍ አለበት፤ በዚህች ከተማ ፀሐይ ደግሞ ሁልጊዜ ተሰልፎ መኖር የሚችል ፍጡር የለም። ስለዚህ ሰው በእኔ በረንዳ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ድንጋዩ ይሰለፋል። እያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ድንጋይ አለው፤ ድንጋዩ ያለበት ቦታ ላይ ሰውየው ራሱ ቆሟል ማለት ነው። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡት የአቶ ገብረሥላሴ ድንጋይ ከሐዲዱ ዳር የተነሳ፣ ጠርዙ የሚቆርጥ ነው። ክሊኒክ የሚሠሩት የወይዘሮ አሰፋሽ ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው። የእኔዋ ድንጋይ እሳተ ገሞራ ከነደደበት ሜዳ የመጣች ጥቁርና ቀላል ስለሆነች፣ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ተራዬ እንዳይበር እሰጋለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ይዘን ስንሰለፍ ከርመን አንድም ቀን ድንጋይ ተወራውረን አናውቅም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ አንድ የምስጋና ወረቀት በተገባን ነበር። ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚመጡት አፋሮች ሳይቀሩ ግመሎቻቸውን በሰልፉ ዙሪያ አዙረው ያሳልፏቸው ነበር። ተራችንን ግመል እንኳ ያከብረው ነበር ለማለት ነው።

ከሰልፉ ፊት የነበረው ድንጋይ የእማማ ሀጂራ ነው። እማማ ሀጂራ እንደ እኔው ከወሎ የመጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ልጃቸው አማን ወደ ሰሜን ዘምቶ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም፤ የእሱን ልጆች የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ጊዜ እህል ሲታደል ልክ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ አለቀ። እርስዎም በስብሰባ ፊት ቆመው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያዋ ተረካቢ የዘማች እናት ሀጂራ ይሆናሉ ብለው ወሰኑ። አጨበጨብንልዎ። በዚያን ቀን ያጨበጨብነው ከልባችን ነበር፤ ልዩነቱን ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

እማማ ሀጂራ ግን ድንጋይ ፍለጋ ሜዳ አልወጡም፤ የእህል ወፍጯቸውን መጅ አምጥተው አስቀመጡ። የከተማው ወፍጮ ቤት ናፍጣ አጥቶ ከተዘጋ ወዲህ ሁላችንም በእጃችን ነው የምንፈጨው፤ የእሳቸው መጅ ደግሞ የሚፈጨው ስላጣ ሥራ ፈትቶ ነበር። "ቤት ከሚተኛ ወጥቶ ይሰለፍልኝ" አሉ። በስንት ዓመት እጃቸው የለሰለሰ፣ ሲያዩት የሚያምር መጅ ነበር። ችግሩም ማማሩ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽዳት ዘመቻው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከበላይ አካል እንግዳ እንደሚመጡ፣ መጥተውም የአዲሱን የሕዝብ እህል መጋዘን የመሠረት ድንጋይ እንደሚያኖሩ ያበሰሩን ዕለት ደስ ብሎን ነበር። እህሉ ባይኖርም ማስቀመጫው መታሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያም ነዋሪ የተባለ ሁሉ፣ የጣቢያው ተሸካሚዎች ሳይቀሩ፣ ወደ ሜዳው ወጥቶ መፈክር እንዲለማመድ አዘዙ። እኛ ሜዳው ላይ በባዶ ሆዳችን ረሃብን ድል እንደምንመታ ስንጮኽ እርስዎ ከተወሰኑ ወጣቶች ጋር ከተማውን ያጸዱ ነበር። ስንመለስ የሱቁ ፊት ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ድንጋዮቻችን ደግሞ ኖራ ተቀብተው ከጣቢያው እስከ ሜዳው ድረስ በመንገዱ ዳር ተደርድረው ያበራሉ።

አንዳንድ ሰዎች ጓድ በለጠ ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው አሉ። እኔ ግን ተከራከርኩልዎ። ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ለእህል ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በቀበሌያችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ባለማወቅ ነው እንጂ ክፋት የለበትም አልኩ። ሌላ ጊዜ በምንም ነገር የማይስማሙት አቶ ገብረሥላሴ እንኳ በዚህ ወዲያው ተስማሙልኝ።

አራተኛ፣ ስለ አቀባበሉ። ይህ ቅሬታ ሦስተኛውን ቀድሞ መግባቱን አይቼዋለሁ፤ በሱቃችን ግን የተለመደ ስለሆነ ዝም ብዬዋለሁ።

እንግዳው በሚመጡበት ዕለት ጠዋት፣ ጆንያዎቹን እንዲያዩልዎ ብለው ይመስለኛል፣ እህል የጫነች መኪና መጣች። ወሬው እንደተሰማ ሰው ሁሉ ወደ ሱቁ ሮጠ፤ ሮጦ ሲደርስ ተራው የለም፤ ስለዚህ ተራውን ፍለጋ ወደ መንገዱ ዳር ሮጠ። ኖራ የተቀባ ድንጋይ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። አቶ ገብረሥላሴ ተንበርክከው በጥፍራቸው እየፋቁ ፈለጉ። ወይዘሮ አሰፋሽ ቀዳዳ ያለውን ለማግኘት በየድንጋዩ ላይ ጣታቸውን ሰደዱ። እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ የምትቀለዋን አገኘኋት። ድንጋዩን ያገኘ ሁሉ ከኋላው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ደግሞ ሌላ እንዳይወስድበት ማንም ንቅንቅ አላለም።

እንግዳው ከመኪናቸው ሆነው ያዩት እንግዲህ ይህን ነው፤ በነጭ ድንጋዮች ትይዩ፣ እኩል ተራርቆ፣ በፀሐይ ውስጥ በዝምታ የቆመ ሕዝብ። ወርደው፣ እንዲህ ያለ የነቃና የተደራጀ ሕዝብ በሄድኩበት ሁሉ አላየሁም አሉ። እርስዎም ምስጋናውን አንገትዎን ደፍተው በትሕትና ሲቀበሉ አየንዎት። እኛም አጨበጨብን። የሱቁ ኃላፊ ጓድ ስዩም ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ስላየን ሊከፈት ነው ብለን ነው ያጨበጨብነው፤ ላብ ሊጠርግበት መሐረቡን ፈልጎ ኖሯል።

እማማ ሀጂራ በዚህ ሁሉ መሐል ከዘራቸውን ይዘው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እየተጓዙ መጃቸውን ይፈልጉ ነበር። አላገኙትም።

አምስተኛ፣ ስለ መሠረት ድንጋዩ። ታሪኩን በኋላ ነው የሰማነው። ጽሑፍ የተቀረጸበት እብነ በረድ ከአዲስ አበባ በባቡር ተልኮ ነበር አሉ። ባቡሩ አዋሽ ሲደርስ ግን የሚያወርደው ሰው አልተገኘም፤ ተሸካሚዎቹ በእርስዎ ትእዛዝ ሜዳው ላይ መፈክር እየተለማመዱ ነበር። ባቡሩም ጥቂት ጠብቆ የመሠረት ድንጋያችንን እንደያዘ ወደ ድሬዳዋ ሄደ። መቅረቱ የታወቀው ደግሞ እንግዳው ከደረሱ በኋላ ነው። ስለዚህ በጥድፊያ፣ በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች ሁሉ ለስላሳው፣ ለዓይን የሚያምረው፣ ለክቡር እጅ የሚመጥነው ተመረጠ።

እማማ ሀጂራ መድረኩ አጠገብ ሲደርሱ እንግዳው መጃቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ለሕዝብ እያሳዩ ነበር። "የእኔ መጅ ነው እኮ፣ ልጄ፤ የእህል መፍጫዬ ነው" አሉት ጠባቂውን፤ ጠባቂው በአክብሮት ዝም በይ አላቸው። መጁ ሲሚንቶው ውስጥ ገባ። እማማ ሀጂራ እያለቀሱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ተራመዱ። እንግዳውም እንባቸውን አይተው የደስታ መሰላቸው፤ መጥተው ሲሚንቶ በነካው እጃቸው የእማማን እጅ ጨበጡ። ያን ጊዜ የተነሳው ፎቶግራፍ ዛሬ በቢሮዎ፣ ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሏል። ከሥሩም "እናት በደስታ እንባ" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ማንበብ ስላስተማሩኝ አንብቤዋለሁ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ በተፈጥሮዬ ሳቂ ነኝ። በኖራውም፣ በእንግዳውም፣ ድሬዳዋ በደረሰው እብነ በረድም ስቄያለሁ። በዚህ ግን አልሳቅሁም። ተናደድኩ። ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም።

አሁን ሦስተኛው ቅሬታ በኋላ በር ደርሷል። እንግዳው ከሄዱ በኋላ እደላው ተጀመረ። እማማ ሀጂራ ቀድመው ሲቀርቡ ጓድ ስዩም ድንጋይዎ የት አለ ብሎ ጠየቃቸው። ወደ ሲሚንቶው አመለከቱት። እሱም፣ ያ ከዛሬ ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፣ ድንጋይ የሌለው ደግሞ ተራ የለውም አላቸው። በገዛ ደንባችን መለሰልን። እኛ ስንጮኽ፣ እሱ ደንብ ሲጠቅስ፣ ከሰልፉ ግማሽ ሳይደርስ እህሉ አለቀ ተባለ። ጠዋት ለእንግዳው ተደርድረው ከታዩት ጆንያዎች ጥቂቶቹ በሱቁ የኋላ በር ሲወጡ ግን በረንዳዬ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አየ። ወዴት እንደሄዱ እኔ አልናገርም፤ የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው። የተሸከማቸው አህያ ወደ ማን ግቢ ዘው እንዳለ ግን ሰፈሩ ያውቃል። ከዚያን ዕለት ወዲህ አህያው ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ "ጓድ" እያለ ሰላምታ ይሰጠዋል። አህያውም ለምዶታል፤ እንዲያውም ሰላም ላላለው ሰው መንገድ አይለቅም።

እማማ ሀጂራ ባዶ ስልቻቸውን ይዘው ገቡ። በማግስቱ እህል የደረሰን ጎረቤቶች ከየቤታችን አንድ አንድ ጣሳ አዋጥተን ሰጠናቸው። ግን ወፍጮው አለ፣ መጁ የለም። የእኔን ወስጄ ሰጠኋቸው፤ አልገጥም አለ። መጅና ወፍጮ እንደ አሮጌ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ተሞርዶ ያረጃል እንጂ ከመንገድ የመጣ አይስማማቸውም። የአቶ ገብረሥላሴን፣ የወይዘሮ አሰፋሽን ሞከርን፤ እንቢ አለ። እነሆ የዘማቹ የአማን ልጆች እስካሁን የሚበሉት ንፍሮ ነው። ትንሿ ጥርሷ ገና ስላልጠነከረ አያቷ እያኘኩ ያጎርሷታል። እማማ ሀጂራ ደግሞ ያላቸው ጥርስ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና ሳልገልጽ ብቀር ባለጌ እባላለሁ። ሕዝቡን ከችግር ለመከላከል ሌት ተቀን እንደሚለፉ በየስብሰባው ከራስዎ አንደበት ስለምሰማ አልጠራጠርም። ዋጋ እንዳይንር ብለው የዋጋ ተመን ሰሌዳ ሱቁ ላይ ሰቅለውልናል፤ በተመኑ ላይ ያሉት ዕቃዎች ስለሌሉ ዋጋቸው በእርግጥም አልናረም። ስኳር መቼ ይመጣል ብለን ስንጠይቅም "ይመጣል" ብለው ያጽናኑናል። በስብሰባ ላይ ኢንሻአላህ ማለትን ኋላ ቀርነት ነው ብለው ከልክለውናል እንጂ፣ እኛም ያን ቃል የምንለው እንዲሁ ቀኑን ሳናውቅ ነበር።

ይሁንና አንድ ነገር ላሳውቅዎት እወዳለሁ። ደንቡ፣ ጓድ ስዩም እንደመሰከረው፣ ድንጋይ ባለበት ተራ አለ የሚል ነው። የእማማ ሀጂራ ድንጋይ ደግሞ አልጠፋም፤ አዲሱ መጋዘን ሊሠራበት በታሰበው ሜዳ ላይ፣ በሲሚንቶ ተጣብቆ፣ በክቡር እንግዳ እጅ ከሁሉ ፊት ተቀምጧል። ከዚህ የበለጠ የተረጋገጠ ተራ በዚህች ከተማ ማንም ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ትናንት ማለዳ ድንጋዮቻችንን ከመንገዱ ዳር ሰብስበን፣ ኖራውን አጥበን፣ ከእማማ ሀጂራ መጅ በስተኋላ አንድ በአንድ አሰለፍናቸው። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም ቀድሞ አልገባም። አፋሮቹም ዛሬ ጠዋት ግመሎቻቸውን በዚያ በኩል አዙረው ሲያሳልፉ አይተናል። እማማ ሀጂራ የእኔን በርጩማ ወስደው ጃንጥላ ይዘው መጃቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚቀጥለው እህል ሲመጣ ሰልፉ ባለበት በዚያ ይውረድ፤ መጁም በሰላም ከሲሚንቶው ወጥቶ ለባለቤቱ ይመለስ። መጋዘኑ ገና አልተሠራም ብለው እንዳይጨነቁ። ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያም የለውም፤ ግን የኋላ በርም የለውም። እኛን ለዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ መጋዘን ይበቃናል።

ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና፣ ከሁሉም በላይ አንድ ቀን በሻይ ቤቴ በረንዳ ላይ ከእኛ ጋር ለመቀመጥ ጊዜ እንዲያገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ በጨው ሻዬ ላይ ስላጨማደዱት ፊትዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎ ባስተማሩኝ ፊደል፣ በእርስዎ ትእዛዝ፣ በእርስዎ ሰሌዳ ላይ ይህን የጻፍኩት፣

ታዛዥዎ
ኡሙሀኒ አብዱሰላም
ባለ ሻይ ቤት

ማሳሰቢያ፦ ድንጋዮቹን ስናጥብ የእያንዳንዱን ሰው ድንጋይ አገኘን፤ የሞቱትንም፣ ከተማ ለቀው የሄዱትንም ሰዎች ድንጋይ አገኘን። የእርስዎን ግን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው። ምናልባት ከመጀመሪያውም አልነበረዎት ይሆናል ብለን፣ ወጣ ብለን አንድ ደህና ድንጋይ መረጥንልዎና ከሁሉም መጨረሻ፣ ከወይዘሮ አሰፋሽ በኋላ አስቀምጠንልዎታል። እንዳይጠፋብዎ ኖራ አልቀባነውም።